ጂኦሎጂ ለመማር የማዕድን ዋጋ ማየት አያዋጣም

ሰሞኑን ስለ ማዕድን የማይወራበት መድረክ የለም። መዳብ፣ ሊቲየም፣ ኮባልት፣ ኒኬልና ግራፋይት የዜና ርዕስ ሆነዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ብረትና አሉሚኒየም ሳይቆጠሩ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ከተለመደው መኪና ስድስት እጥፍ ያህል ማዕድን እንደሚፈልግ አስልቷል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ባትሪውም፣ የነፋስ ተርባይኑም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም መነሻቸው ከርሰ ምድር ነው።

ይህን ማዕድን ፈልጎ የሚያገኘው ሙያ ግን ተማሪ እያጣ ነው። በአውስትራሊያ፣ በብሪታኒያና በአሜሪካ የጂኦሎጂ ተማሪ ቁጥር ባለፉት ዓመታት ቀንሷል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የጂኦሎጂ ክፍላቸውን ከሌላ ጋር አዋህደዋል። የዘጉም አሉ። ብዙ ወጣቶች ጂኦሎጂ ሲባል ወደ አእምሯቸው የሚመጣው የነዳጅ ጉድጓድና የተቆፈረ ተራራ ነው። አካባቢን ለሚያስብ ወጣት ይህ የሚማርክ ሥዕል አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪ የሚሰጠው ምክር ቀላል ይመስላል። ፍላጎቱ አለ፣ ባለሙያው የለም፣ ግባበት ይባላል። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው። ግን አንድ ትልቅ ነገር ይረሳል፤ ጊዜን። ዛሬ ትምህርት የሚጀምር ተማሪ ሥራ ፍለጋ የሚወጣው ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ማስተርስ ከጨመረበት ስድስት ሰባት ዓመት ይሆናል። የማዕድን ገበያ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ባለበት ቆሞ አይጠብቅም።

ነዳጅን እንይ። በ2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ትልልቅ ኩባንያዎች ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው ተማሪ ይመለምሉ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ዋጋው ከ30 ዶላር በታች ወረደ። ኩባንያዎቹ ፈጥነው የቆረጡት የፍለጋ በጀታቸውን ነው። በ2011 የሥራውን ሙቀት አይቶ ጂኦሎጂ የገባ ልጅ የተመረቀው በሩ በተዘጋበት ሰዓት ነው። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሲወስን ያየው ገበያ ሲመረቅ የለም።

ሊቲየምም ያንኑ ታሪክ ደገመ። በ2022 መጨረሻ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ከሦስት አራተኛ በላይ ወርዶ ተገኘ። በ2024 ደግሞ ቢኤችፒ የተባለው ግዙፍ የማዕድን ኩባንያ በምዕራብ አውስትራሊያ ያለውን የኒኬል ሥራውን ለጊዜው አቆመ። የኒኬል ዋጋ በመውደቁ ነው። ኒኬል እኮ ያኔም «የወደፊቱ ማዕድን» እየተባለ ነበር።

ፍለጋ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚቆረጠው ለምንድን ነው? ዛሬ ገንዘብ ስለማያስገባ ነው። ያው የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ አንድ ማዕድን ከተገኘ በኋላ ማምረት እስኪጀመር በአማካይ ከ16 ዓመት በላይ ይፈጃል። በቺሊ ያለው ኤስኮንዲዳ የዓለማችን ትልቁ የመዳብ ማምረቻ ነው። ክምችቱ የተገኘው በ1981 ነው፤ ማምረት የተጀመረው በ1990። ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው፤ በዚህ ሙያ ይህ ፈጣን ይባላል። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ የዛሬውን ምርት ይዞ የነገውን ፍለጋ ያቆማል። ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ፣ አዲስ ክምችት ይጠፋል፣ ዋጋ ይንራል፣ ባለሙያ ይፈለጋል። ዑደቱ እንዲህ ይሽከረከራል።

እንግዲያው ዋጋ ሲወርድ መግባት፣ ሲወጣ መሸሽ ይሻላል? አይደለም። ያም ቁማር ነው። ተማሪው መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው። የትኛው የጂኦሎጂ ዘርፍ በዋጋ ይንቀሳቀሳል? የትኛው አይንቀሳቀስም? ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረኝ የትኛው ችሎታ ነው?

ዋጋ የማይነካቸው ሥራዎች

መጀመሪያ ውሃ። የተባበሩት መንግሥታት በ2022 ያወጣው የውሃ ሪፖርት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ለቤት አገልግሎት ከሚቀዳው ውሃ ግማሹ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው። የመዳብ ዋጋ ወጣም ወረደም ሰው ይጠጣል። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ የት እንደሚቆፈር ብቻ አይደለም የሚያጠናው። ምን ያህል ቢቀዳ እንደማይነጥፍ ያሰላል። ውሃው ከየት ተነስቶ በየት እንደሚያልፍ ይከታተላል። ያለፈበት አለት ምን እንደጨመረበትም ይመረምራል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በባንግላዴሽ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ከተበከለ የወንዝና የኩሬ ውሃ ለማዳን ብዙ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ሐሳቡ መልካም ነበር። በ1990ዎቹ ግን ከጉድጓዶቹ ብዙዎቹ አርሴኒክ እንዳለባቸው ታወቀ። አርሴኒኩን ፋብሪካ አልለቀቀውም። ወንዞቹ በሺህ ዓመታት ካመጡት ደለል ውስጥ በተፈጥሮ የነበረ ነው። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳያውቁ ሲጠጡት ኖሩ። ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የደለሉን ባሕርይ የሚጠይቅ ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሁለተኛው ግንባታ ነው። ግድብ፣ ዋሻ፣ ድልድይ፣ መንገድ፣ ረጅም ሕንፃ፤ ሁሉም የሚቆሙት አለት ወይም አፈር ላይ ነው። ይህን ዘርፍ ለመረዳት በጣሊያን የሆነውን የቫዮንት ግድብን ታሪክ ማወቅ ይበቃል። ግድቡ ከ260 ሜትር በላይ ቁመት ነበረው። በጊዜው ከዓለም ረጃጅም ግድቦች አንዱ ነበር። ኦክቶበር 9 ቀን 1963 ማታ ከሞንቴ ቶክ ተራራ ጎን ከ260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አለትና አፈር ተንዶ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ውሃው በግድቡ አናት ላይ ዘሎ ሸለቆው ውስጥ ያሉትን መንደሮች ጠራረገ። ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ግን አልፈረሰም። ዛሬም ቆሟል። ኮንክሪቱ ላይ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ የነበረው ተራራው ላይ ነው።

በኖራ ድንጋዩ ንብርብሮች መሐል ስስ የሸክላ አፈር ንጣፎች ነበሩ። ተራራው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ተንሸራቶ ነበር። ሐይቁ ሲሞላ ውሃው ያንን አሮጌ መንሸራተቻ እንደገና አነቃው። ይህን አስቀድሞ ያየ ጂኦሎጂስት ነበር፤ ኤዶአርዶ ሴሜንዛ ይባላል። ግድቡን የነደፈው የካርሎ ሴሜንዛ ልጅ ነው። ከአደጋው ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የጥንቱን የመሬት መንሸራተት ካርታ ላይ አስቀምጦት ነበር። የእርሱ ግኝት ውሳኔውን አልቀየረውም። ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል። ለጂኦሎጂስት አለቱን ማንበብ የሥራው ግማሽ ነው። ያነበበውን መሐንዲስና ሥራ አስኪያጅ በሚገባቸው ቋንቋ ጽፎ፣ ተከራክሮ ማሳመን ሌላው ግማሽ ነው። ሪፖርት አጻጻፍ የሚያስተምር ኮርስ ሲመጣ የሚፎርፉ ተማሪዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የቅርቡም ታሪክ ያው ነው። በ2019 በብራዚል ብሩማዲንዮ የብረት ማዕድን ዝቃጭ (ማዕድኑ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ጭቃማ ቆሻሻ) የያዘ ግድብ ፈርሶ 270 ሰዎች ሞቱ። በዓመቱ፣ በ2020፣ የዝቃጭ ግድቦችን አያያዝ የሚመለከት ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጣ። መስፈርቱ ኩባንያዎች ስለ ግድቦቻቸው መሠረትና ስለ አካባቢው ጂኦሎጂ በደንብ እንዲያውቁ ይጠይቃል። ይህ ሥራ ዋጋ ሲወድቅ አይቆምም። ማዕድን ማውጫው ቢዘጋ እንኳ ዝቃጩ እዚያው ነውና የሚከታተለው ሰው ያስፈልጋል።

ሌሎችም አሉ። የመሬት መንቀጥቀጥና የእሳተ ገሞራ ክትትል፣ የተበከለ መሬት ማጽዳት፣ የእንፋሎት ኃይል። ሁለት ምሳሌ ብቻ ልጨምር። ኖርዌይ ከ1996 ጀምሮ በሰሜን ባሕር፣ ስላይፕነር በተባለው ቦታ፣ ከተፈጥሮ ጋዝ የተለየ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከባሕሩ ወለል በታች ባለ ጨዋማ ውሃ በያዘ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ስታስቀምጥ ቆይታለች። ፊንላንድ ደግሞ ኦንካሎ በተባለው ቦታ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ጠንካራ አለት ውስጥ የኑክሌር ቆሻሻ መቅበሪያ ሠርታለች። የስላይፕነርን ሥራ የሚሠራው ሰው የሚጠቀምበት እውቀት ነዳጅ ፈላጊው የሚጠቀምበት ነው። የትኛው አለት ፈሳሽ ያሳልፋል? የትኛው ይዘጋል? ስንጥቁ የት ነው? ጥያቄዎቹ አንድ ናቸው። ነዳጅ ሲቀዘቅዝ መሻገር የቻሉት ጂኦሎጂስቶች እነዚህን መሠረታዊ ጥያቄዎች በደንብ የያዙት ናቸው።

በክፍል ውስጥ ምን ይያዝ?

ብዙ ተማሪ ጂኦሎጂን የሚፈራው የስም ብዛት ስላለው ነው። የማዕድን ስም፣ የዘመን ስም፣ የቅሪተ አካል ስም። ስሞቹ መታወቅ አለባቸው፤ መማር ማለት ግን እነርሱን መሸምደድ አይደለም። ዋናው ችሎታ ጥቂት የሚታዩ ነገሮችን ይዞ የማይታየውን መገመት ነው። እዚህ ኮረብታ ላይ አንድ የአለት ንብርብር ብቅ ብሏል። ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ ይታያል። በመሐል ያለው በአፈርና በሣር ተሸፍኗል። ከታች ምን አለ? ንብርብሩ ታጥፏል ወይስ ተሰብሯል? የትኛው ቀደመ? ተማሪው ግምቱን በካርታ ይሥላል፣ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ስህተት ሊሆን የሚችልበትንም ይናገራል።

ይህ ዘዴ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝ ቀያሽ ነበር። ለቦይ ሥራ መሬት ሲቆፈር የአለት ንብርብሮች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል እንደሚደጋገሙ አስተዋለ። እያንዳንዱን ንብርብር በያዘው ቅሪተ አካል መለየት እንደሚቻልም አወቀ። በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን የጂኦሎጂ ካርታ አሳተመ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረውም። መሬቱን በእግሩ ዞሮ አይቶ ነው የሠራው።

ስለዚህ የምትማሩበትን ቦታ ስትመርጡ ከስሙ በፊት የመስክ ትምህርቱን ጠይቁ። ተማሪው ስንት ሳምንት መስክ ይወጣል? ራሱ ካርታ ይሠራል ወይስ መምህሩ ሲያብራራ ቆሞ ያዳምጣል? መዶሻ፣ ኮምፓስና አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ይዞ ብቻውን አንድ አካባቢ ያላጠና ምሩቅ የሥራውን እምብርት ገና አልነካም።

ቀጥሎ ሒሳብ። በግልጽ ልናገርና፣ ፊዚክስና ሒሳብ ሽሽት ጂኦሎጂ የሚገባ ተማሪ አለ። በሩ ለጊዜው ይከፈትለታል። በኋላ ግን ብዙ በር ይዘጋበታል። የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰት በቀመር ይሰላል። የማዕድን ክምችት መጠን በስታቲስቲክስ ይገመታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ፊዚክስ ነው። ሁሉም ሰው የሒሳብ ሊቅ ይሁን አልልም። ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ጥሩ የኬሚስትሪ መሠረት፣ ከዚያ ላይ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥሪያና የቦታ መረጃ መተንተኛ) እና ትንሽ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያለው ተማሪ ግን የመምረጥ ነፃነት አለው። ኪውጂአይኤስ የተባለው የጂአይኤስ ፕሮግራምም ፓይተንም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ማንም ኮምፒውተር ያለው ሰው የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሊጀምራቸው ይችላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሥራ ይወስደዋል ወይ የሚለው ጥያቄም አይቀርም። ዛሬ የኮር፣ ማለትም ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ ዘንግ መሰል የአለት ናሙና፣ ፎቶ አይቶ የአለቱን ዓይነት የሚገምት ፕሮግራም አለ። ብዙ መረጃ አበጥሮ የት ቢፈለግ ይሻላል የሚልም አለ። መደበኛና ተደጋጋሚ የሆነው ሥራ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይታየኛል። ይህ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ጀማሪ የሚማረው በዚያ ተደጋጋሚ ሥራ ነው። ከጉድጓድ የወጣ ኮርን ሜትር በሜትር እያዩ መመዝገብ አሰልቺ ይመስላል። ዓይን የሚሠለጥነው ግን በዚያ ነው። ፕሮግራሙ ሲሳሳት መሳሳቱን የሚያውቀውም ዓይኑ የሠለጠነው ሰው ነው። ኮር የመመዝገብ ዕድል ያገኘ ተማሪ አይናቀው።

ማስተርስስ? እንደ ዘርፉ ይለያያል። በከርሰ ምድር ውሃና በምህንድስና ጂኦሎጂ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ያለው ይመረጣል። በማዕድን ፍለጋ ደግሞ የመስክ ልምድ ይበልጥ ይመዝናል። እሳተ ገሞራ ማጥናት ወይም ምርምር የሚፈልግ ዶክትሬት ድረስ መሄድ እንዳለበት ከወዲሁ ይወቅ። ሥራ ስለጠፋ ብቻ ማስተርስ መግባት ግን መጠንቀቅ ይፈልጋል። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሠርቶ የቱን ዘርፍ እንደሚወድ አውቆ የሚመለስ ሰው የተሻለ ርዕስ ይመርጣል።

የኑሮው ነገር

ማዕድን ፍለጋ የሚገኘው ማዕድኑ ያለበት ቦታ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከከተማ የራቀ ነው። ሳምንታት ካምፕ ውስጥ ተሠርቶ ጥቂት ቀን እረፍት ይወጣል። በሃያዎቹ ዕድሜ ይህ ጀብዱ ነው፤ ገንዘብም ያስቀምጣል። ትዳርና ልጅ ሲመጣ ያው ፕሮግራም ይከብዳል። ይህን ሙያ ከሚለቁት መካከል ሥራውን ጠልተው ሳይሆን ኑሮው አልገጥም ብሏቸው የሚለቁ አሉ። ስለዚህ «ምን ዓይነት አለት እወዳለሁ» ከሚለው ጥያቄ ጎን «በሠላሳ አምስት ዓመቴ የት ማደር እፈልጋለሁ» የሚለውም ይጠየቅ። ከተማ ማደር የሚፈልግ ሰው ወደ ውሃ፣ ወደ ግንባታ ወይም ወደ አካባቢ ጥበቃ ቢያዘነብል ከሙያው ሳይወጣ ኑሮውን ያስተካክላል።

ለሴቶች መንገዱ ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ነበር። አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ባስኮም በ1893 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ስታገኝ ክፍል ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ነው የተማረችው። ወንዶቹን ትረብሻለች ተብሎ። ሌላዋ አሜሪካዊት ጂኦሎጂስት ማሪ ታርፕ የአትላንቲክን ወለል ካርታ ስትሠራ ሴት ናት ተብላ የምርምር መርከቡ ላይ እንድትወጣ አልተፈቀደላትም። ሌሎች በሰበሰቡት የጥልቀት መረጃ በውቅያኖሱ መሐል የሚያልፈውን ስምጥ ሸለቆ ያገኘችው እርሷ ናት። ግኝቷ የአህጉራት እንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብ ተቀባይነት እንዲያገኝ ረድቷል። ዛሬ ሕጉ ተለውጧል። የመስክ ካምፑ ሁኔታ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አልተለወጠም። ንፁህ መጸዳጃ፣ የሚቆለፍ ክፍልና ትንኮሳን የሚቀጣ ደንብ መኖሩን ከመፈረም በፊት መጠየቅ የማንኛዋም ባለሙያ መብት ነው። የማይመልስ ቀጣሪ መልሱን ሰጥቷል።

የመጀመሪያው ሥራ

በ1990ዎቹ ብሪ-ኤክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ቦርኒዮ፣ ቡሳንግ በተባለ ቦታ፣ ግዙፍ የወርቅ ክምችት አገኘሁ አለ። የአክሲዮኑ ጠቅላላ ዋጋ ከስድስት ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በ1997 ናሙናዎቹ ላይ ከውጭ የመጣ ወርቅ እንደተነሰነሰባቸው ታወቀ። ክምችት የሚባል ነገር አልነበረም። በተለምዶ ኮር ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ለምርመራ ይላካል፣ ግማሹ ለማረጋገጫ ይቀመጣል። እነርሱ ግን ኮሩን በሙሉ ይፈጩት ነበር። የጀማሪ ጂኦሎጂስት ዓይን እንኳ ሊይዘው የሚችል ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ፣ በ2001፣ ካናዳ ጥብቅ ደንብ አወጣች። የማዕድን ክምችት መግለጫ ለሕዝብ ሲወጣ ብቁ ባለሙያ በስሙ ይፈርማል፤ ኃላፊነቱንም ይወስዳል። አውስትራሊያም ቀደም ሲል ከ1989 ጀምሮ የራሷ ኮድ ነበራት። በሁለቱም ለመፈረም የሚያበቃው ዲግሪ ብቻ አይደለም። ቢያንስ አምስት ዓመት ልምድ ያስፈልጋል። በሚፈረምበት የማዕድን ዓይነት ላይ የተሠራ ሥራም ይጠየቃል። ጥፋት ሲገኝ አባሉን መቅጣት የሚችል የሙያ ማኅበር አባል መሆንም ግዴታ ነው።

ይህ ለተመራቂ ትልቅ ትርጉም አለው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ፊርማው የሚገነባባቸው ዓመታት ናቸው። በየስድስት ወሩ ትንሽ ደሞዝ ጭማሪ እያሳደደ ከአንዱ ማዕድን ወደ ሌላው የሚዘል ሰው፣ አምስት ዓመት ሞልቶም ለየትኛውም ማዕድን የሚበቃ ልምድ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሁለት የሥራ ዕድል ከመጣ የማወዳደሪያው ነጥብ ደሞዝ ብቻ አይሁን። ቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» «ጥያቄ አለሽ?» ሲባል፣ እኔ እነዚህን እንድትጠይቁ እመክራለሁ። የምመዘግበውን ኮር አብሮኝ የሚያይ ከፍተኛ ጂኦሎጂስት አለ? በወር ስንት ቀን ሳይት ላይ ይገኛል? ናሙና ሲላክ ጥራቱን የሚያረጋግጠው ማን ነው? በከፍተኛ ጂኦሎጂስቱና በእኔ ግምት መሐል ልዩነት ቢመጣ ሁለቱም ይመዘገባሉ?